የፓሪስ የአምስት ሶል ሠረገላ



በየጧቱ ወደ መሥሪያ ቤታችን ለመሄድ ከአውቶቡስ ማቆሚያ ተሰልፈን ስንጠብቅ፥ ሰው በታወቀ መንገድ፥ በታወቀ ሰዓትና በታወቀ ዋጋ ከማያውቀው ሰው ጎን ተቀምጦ በከተማ ውስጥ እንዲጓዝ ያደረገው ማን ነው ብለን የምንጠይቀው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ዛሬ የምንተርከው የዚህ ዐሳብ መነሻ ስለ ሆነውና ከብዙ ዘመን በፊት ስለ ተቋረጠው የፓሪስ የሠረገላ መሥመር ነው። ዘመኑንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንናገራለን።

ዐፄ ፋሲል በጎንደር ነግሠው ሳሉ፥ በፈረንሳይ አገር በሒሳብ ምርምሩ የታወቀ ብሌዝ ፓስካል የሚባል ሊቅ ነበር። በዚያን ጊዜ በፓሪስ በሠረገላ የሚሄደው ባለጸጋ ብቻ ሲሆን፥ ሌላው ሕዝብ ጭቃውን እየረገጠ በእግሩ ይሄድ ነበር። ፓስካል ይህን አይቶ ከወዳጁ ከሮአኔ መስፍንና ከሌሎች መኳንንት ጋር ማኅበር አቁሞ፥ ከንጉሡ ከ14ኛው ሉዊ ፈቃድ ተቀበለ። ማርች 18 ቀን 1662 ሰባት ሠረገላዎች ከሴንት አንትዋን በር እስከ ሉክሳምቡር ድረስ መመላለስ ጀመሩ። አንዱ ሠረገላ ስምንት ሰው ይይዛል፤ ዋጋው አምስት ሶል ነው፤ ተሳፋሪ ባይኖር እንኳ ባዶውን በሰዓቱ ይነሣል።

የፓስካል እኅት በዚያው ሰሞን በጻፈችው ደብዳቤ፥ ሕዝቡ እንደ በዓል ቀን በየመንገዱ ዳር ቆሞ ይመለከት እንደ ነበረ ትነግረናለች። እርስዋም ወደ ቤት ለመመለስ ብትጠብቅ፥ አምስት ሠረገላ ሞልቶ አልፏት ሄደ። ጥቂት ወራት ሳያልፉ መሥመሮቹ አምስት ሆኑ። ፓስካልም ከድርሻው 1,000 ሊቭር በቅድሚያ ተቀብሎ በብሉዋ አውራጃ ለተቸገሩት ድኾች ለመላክ አስቦ ነበር።

ነገር ግን ፓርላማ የሚባለው የፓሪስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈቃዱን ሲመዘግብ፥ ለከተማው ባላባቶችና ነጋዴዎች ምቾት ሲባል ወታደሮች፥ አሽከሮችና የእጅ ሠራተኞች እንዳይሳፈሩ ከለከለ። ፓስካል በዚያው ዓመት ኦገስት 19 ቀን በ39 ዓመቱ ዐረፈ። ከጊዜ በኋላ ዋጋው ወደ ስድስት ሶል ከፍ አለ። ባለጸጎቹ አዲሱን ነገር ሲሰለቹት፥ በእውነት የሚያስፈልገው ሕዝብ ደግሞ እንዳይገባ የተከለከለ ስለ ነበረ፥ ሥራው እየቀዘቀዘ ሄዶ በዚያው መቶ ዓመት ውስጥ ፈጽሞ ቀረ።

ዐሳቡ የተነሣው ከመቶ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ነው። በ1826 ስታኒስላስ ቦድሪ የተባለ ሰው በናንት ከተማ ማንም ሊሳፈርበት የሚችል ሠረገላ አቆመ፤ ስሙም «ኦምኒቡስ» ተባለ። ትርጓሜው በላቲን ቋንቋ «ለሁሉ» ማለት ነው። በ1828 ወደ ፓሪስ፥ በ1829 ወደ ለንደን ገባ፤ በኋላም ፈረሱ ቀርቶ ሞተር ሲተካ «አውቶቡስ» የሚለው ስም ከዚሁ ወጣ።

እንግዲህ የፓስካል ሠረገላ የጠፋው መንገድ ወይም ፈረስ አጥቶ አልነበረም፤ የጎደለው «ለሁሉ» የሚለው ቃል ነበር። ሕዝብን ለማገልገል የተቀጠርን ሁላችን፥ የምናቆመው ሥራ በሩ ለማን እንደ ተከፈተ ደጋግመን ልንጠይቅ ይገባናል።