ተንሸራታች ወንበር አልጋ

ተንሸራታች ወንበር አልጋ፦ ወደ ካምፐርቫን በተቀየረ መኪና ውስጥ ቀን መቀመጫ፣ ማታ መኝታ የሚሆን፣ ወለል ላይ በታሰሩ ሐዲዶች ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄድ ወንበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ገበያ ላይ የዋለው ቮልስዋገን ቲ5 ካሊፎርኒያ ከፋብሪካው ይዞት ወጥቷል፤ በግል ጋራዥ የሚገጠመው ግን ሌላ ጣጣ አለው።

ጣጣው ከአልጋው ይልቅ ወለሉ ላይ ነው። የቫን ወለል ስስ ላሜራ በመሆኑ ብሎኑ በሮንዴላ ብቻ ከታሰረ በግጭት ጊዜ ቀዶት ይወጣል። ስለዚህ ከሥር ሰፊና ወፍራም የብረት ሳህን ይደረጋል፤ ብሎኑም ቢያንስ 8.8 የሚል የጥንካሬ ምልክት ያለው ይሁን። ትራፓኖ ከመነሳቱ በፊት ከመኪናው ሥር ገብቶ ሰርባቶዮው፣ የፍሬን ቱቦውና የኤሌክትሪክ ገመዱ የት እንዳለ ማየት ግድ ነው። የተበሳው ጠርዝ ፀረ ዝገት ይቀባል። ሐዲዶቹ በጥቂት ሚሊሜትር እንኳ ከተዛነፉ ወንበሩ መሃል ላይ ይነክሳል፤ ልምድ ያለው ባለሙያ ዳዶዎቹን ላላ አድርጎ ወንበሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ካመላለሰ በኋላ ነው የሚያጠብቀው።

የተባበሩት መንግሥታት 14ኛው የተሽከርካሪ ደንብ ለመንገደኛ መኪናና ለቀላል ቫን በሚያዘው ፍተሻ የባለሦስት ነጥብ ቀበቶ ላይኛውና ታችኛው ክፍል እያንዳንዳቸው በ13,500 ኒውተን ይሳባሉ። ቀበቶው ከወንበሩ ጋር የተያያዘ ከሆነ የወንበሩ ክብደት 20 እጥፍ ይጨመርበታል። ይህን ያላለፈ ወንበር ቆሞ ባለ መኪና ውስጥ ይተኙበት እንጂ በጉዞ ላይ ሰው ሊቀመጥበት አይገባም።