ማኅተም የሚመሰክረው

ማኅተም ላኪው በሌለበት ስለ ላኪው የሚመሰክር ምስክር ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ደብዳቤ ከሸዋ ተነሥቶ በሐረርና በጀልዴሳ አድርጎ ወደ ዘይላ ወደብ ሲወርድ፣ ባሕር ማዶ ያለው ተቀባይ የሚያምነው በራስጌው የታተመውን የአንበሳ ማኅተም አይቶ ነበር። ጀልዴሳ ዛሬ፣ እንደ ቢዮ አዋሌ ሁሉ፣ በድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ክፍል ትገኛለች።

ይህን ያለ ምክንያት አላነሣሁም። ባለፈው ዓመት ለቢዮ አዋሌ የውሃ ፓምፕ መለዋወጫ የሚያፈላልግ አንድ መሥሪያ ቤት የላካቸው ኢሜይሎች ሁሉ በተቀባዮች ዘንድ ከማይፈለጉ መልእክቶች ጋር እየተጣሉ መልስ አጡ። ፓምፑ ቆሟል፤ ሰዉ ውሃ ይጠብቃል። የኮምፒዩተር ባለሙያ የሆነው ወዳጄ ችግሩን ሲፈልግ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ደንቡ የወጣለት ዲኪም የተባለ የፊርማ ሥርዓት አለ። ላኪው ሰርቨር ሁለት ቁልፎች አሉት፤ አንዱን በምሥጢር ይይዛል፣ ሌላውን በድርጅቱ የኢንተርኔት ስም ሥር ለሁሉ ይገልጣል። ደብዳቤው ሲወጣ የጽሑፉን አሻራ በቁጥር አውጥቶ በምሥጢሩ ቁልፍ ይፈርምበታል። ተቀባዩ በግልጹ ቁልፍ ይመረምራል። አንድ ፊደል ከተለወጠ ፊርማው አይጸናም።

ወዳጄ መጀመሪያ የጠረጠረው ቁልፉን ነበር፤ ትክክል ሆኖ ተገኘ። ወደ ራሱ አድራሻ ደብዳቤ ልኮ መዝገቡን ሲያነብ ግን የጽሑፉ አሻራ አልገጠመም። ለካ ሰርቨሩ ከፈረመ በኋላ፣ ሌላ ፕሮግራም የመሥሪያ ቤቱን አድራሻና መፈክር ከግርጌ ይጨምር ኖሯል! መጨመሩ እንዲቀድም፣ መፈረሙ እንዲከተል ተደረገ፤ ደብዳቤው አለፈ።

ይሁንና ውድ አንባቢ፣ የጸና ፊርማ የማይከለክለው ተንኮል አለ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ ምኒልክና የጣሊያኑ ኮንት አንቶኔሊ የተዋዋሉት ውል በአማርኛና በጣሊያንኛ ተጻፈ። አንቀጽ 19 ሁለቱ ጽሑፎች እንደሚስማሙና እኩል እንደሚጸኑ ይናገራል። አንቀጽ 17 ግን በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት መጠቀም እንደሚቻላቸው ሲናገር፣ ጣሊያንኛው በዚያ ለመጠቀም ተስማምተዋል ስለሚል ሮም እንደ ግዴታ ያዘችው። ልዩነቱ የተገለጠው በ1882 ዓ.ም. ምኒልክ ዘውድ መጫናቸውን ላስታወቁበት ደብዳቤ ከእንግሊዝና ከጀርመን መልስ ሲመጣ ነው። ውሉ በ1885 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ክርክሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ደረሰ።

የውጫሌን ውል የዛሬ ሰርቨር ቢመረምረው ሁለቱንም ጽሑፎች ባሳለፈ ነበር፤ ከማኅተሙ በኋላ ፊደል የለወጠ የለምና። ማኅተም ማን እንደ ላከና ቃሉ እንዳልተነካ ይመሰክራል፤ ቃሉ ምን እንደሚያስገድድ ማወቅ የአንባቢው ፋንታ ነው። ለዚህም ይመስለኛል ወዳጄ ከዕቃ አቅራቢው በደንብ የተፈረመ መልስ ሲደርሰው የውሉን ሐሳብ ሁለት ጊዜ ያነበበው።