የባሕር ዳር ጠባቂዎች መንገድና የሞርወንስቶው ቄስ

የመንገድ ታሪክ የሰው ታሪክ ነው። ንጉሥ ለሠራዊቱ ያስጠረገው መንገድ አለ፤ ነጋዴ ከገበያ ወደ ገበያ ሲመላለስ ያወጣው መንገድ አለ፤ ተሳላሚም ወደ ቅዱስ ቦታ ሲሄድ የረገጠው መንገድ አለ። ከእነዚህ ሁሉ የተለየ፥ ሰው ወደ አንድ ስፍራ ሊደርስበት ሳይሆን ከላይ ቆሞ ወደ ታች ሊመለከትበት የተሠራ መንገድ ደግሞ በእንግሊዝ አገር ይገኛል። ይህም በአገሪቱ ደቡባዊ ምዕራብ ማዕዘን የባሕሩን ዳር ተከትሎ የሚዞረው የእግር መንገድ ነው። ዛሬ የሚሄዱበት ሰዎች የሚሄዱት ስለ ጤናና ስለ ደስታ ነው፤ አስቀድመው የረገጡት ግን ስለ ደስታ አልረገጡትም። እነርሱ ከገደሉ ላይ ሆነው ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሲመለከቱ ምን ይፈልጉ እንደ ነበር መመርመር ለክርስቲያን ሁሉ ትምህርት ይሰጣል። በዚህ ጽሕፈት ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

መንገዱ ማይንሄድ ከምትባለው ከተማ ተነሥቶ በሱመርሴት፥ በዴቨን፥ በኮርንዎልና በዶርሴት አውራጃዎች ዳርቻ ከዞረ በኋላ በፑል ወደብ አፍ ይፈጸማል። ርዝመቱ 1,014 ኪሎ ሜትር ነው። በመንገዱ ላይ ያለው አቀበት ሁሉ ቢደመር 35,000 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይህም በዓለም ከፍተኛ የሆነውን የኤቨረስትን ተራራ ከባሕር ወለል ጀምሮ አራት ጊዜ ያህል እንደ መውጣት ነው።

ከዚህ ሁሉ በድካሙ የታወቀው በዴቨን ካለው ከሃርትላንድ ኪ ተነሥቶ በኮርንዎል እስከ ቢውድ የሚደርሰው ክፍል ነው። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ በካርታ ላይ ለሚያየው ሰው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በመካከሉ 10 ያህል ሸለቆዎች አሉ። መንገደኛው ከገደሉ ራስ ወደ ባሕሩ ጠርዝ ይወርዳል፤ ወንዙን ይሻገራል፤ ወዲያውም የወረደውን ያህል ይወጣል፤ ጥቂት ሜዳ ሄዶ ትንፋሹ ሳይመለስለት ሌላው ሸለቆ ይቀበለዋል። በየሸለቆው አፍ ባሕሩ ወደ ምድር ገባ ያለበት ትንሽ ወሽመጥ ይገኛል፤ ዳርቻውም አንዳንዱ ጠጠር፥ አንዳንዱ አሸዋ ነው። ዌልከምና ማርስላንድ የሚባሉት ከእነዚህ ወገን ናቸው፤ በማርስላንድም ያለው ወንዝ የዴቨንና የኮርንዎል ወሰን ነው። ወንዞቹ ሸለቆአቸውን ከሚቈፍሩት ይልቅ ማዕበሉ ገደሉን ፈጥኖ ስለሚበላው አንዳንዱ ወንዝ ወደ ባሕሩ በዝግታ መግባት አልቻለም፤ ከገደሉ አፋፍ ፏፏቴ ሆኖ ወደ ዳርቻው ይወድቃል። የገደሉም ድንጋይ በጥንት ዘመን በምድር ውስጥ ኃይል ተጨምቆ እንደ ጨርቅ የተጣጠፈ ነው፤ ከሥሩም እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰለፈ ዐለት ወደ ባሕሩ ይዘልቃል። ሞርወንስቶ በምትባለው አጥቢያ ያለው ሄና የተባለው ገደል 137 ሜትር ያህል ከፍታ አለው።

ይህን መንገድ ያወጣው ቀረጥ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ መንግሥት ለጦርነት የሚያወጣውን ገንዘብ ለመተካት በሻይ፥ በትምባሆና ከፈረንሳይ አገር በሚመጣው አረቄ ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በ1784 ዓ.ም. ሕጉ ተሻሽሎ ከመቶ 12 ተኩል እስኪሆን ድረስ በሻይ ላይ የሚከፈለው ቀረጥ ከሻዩ ዋጋ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ የባሕር ዳር ሰዎች በጨለማ ሌሊት ጀልባቸውን ወደ እነዚያ ወሽመጦች እያስገቡ ዕቃውን ያለ ቀረጥ ያወጡ ጀመር። ዓሣ አጥማጁ ያመጣዋል፤ ገበሬው በፈረሱ ይጭነዋል፤ ባለጠጋው ይገዛዋል፤ የኮንትሮባንድ ንግድም በሕዝቡ ዘንድ እንደ ኃጢአት የማይቈጠር ሆነ። ጆን ዌስሊ የተባለው ሰባኪ ግን በ1767 ዓ.ም. ለነዚህ ነጋዴዎች ተግሣጽ ጽፎ አሳተመ፤ ቀረጥ የሚሰርቅ ሰው ንጉሡን ብቻ ሳይሆን ቀረጡን በቅንነት የሚከፍለውንም ባልንጀራውን ይሰርቃል ብሎ አስተማረ።

መንግሥትም በበኩሉ ዝም አላለም። አስቀድሞ ተለያይተው የነበሩት የጥበቃ ክፍሎች በ1822 ዓ.ም. ተጠቃለው የባሕር ዳር ጥበቃ የሚባለው አንድ ሠራዊት ተቋቋመ። ዘበኞቹ ከወገኖቻቸው ጋር እንዳይመሳጠሩ ከተወለዱበት ስፍራ ርቀው ይመደቡ ነበር፤ ሕዝቡም እንደ ባዕድ ያያቸው ስለ ነበረ በገደሉ አጠገብ በተሠራላቸው ተራ ቤቶች ለብቻቸው ይኖሩ ነበር። በየሌሊቱ ዝናብና ነፋስ ሳይሉ ፋኖሳቸውን ይዘው ከጥበቃ ቦታ እስከ ጥበቃ ቦታ ይሄዳሉ። ዘበኛው አንዲቱን ወሽመጥ እንኳ ሳያይ ቢያልፍ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነውና አቋራጭ አልነበረውም፤ ባሕሩ በገባበት መግባት፥ በወጣበት መውጣት፥ የገደሉንም ጫፍ ሳይለቅ መሄድ ግድ ሆነበት። የዛሬው መንገደኛ መንገዱ ለምን እንዲህ እንደሚያደክመው ቢጠይቅ መልሱ ይህ ነው፤ መንገዱ የተሠራው ለሚሄድ ሰው ሳይሆን ለሚጠብቅ ሰው ነው።

ነገር ግን ወደዚያ ዳርቻ ማዕበል የሚያመጣው የአረቄ በርሜል ብቻ አልነበረም። የሰሜን ኮርንዎል ዳርቻ ወደ ታላቁ ውቅያኖስ ወደ አትላንቲክ ፊቱን የመለሰ፥ መጠጊያ የሚሆን ደህና ወደብም የሌለበት ነው። በሸራ የሚሄዱ መርከቦች ወደ ብሪስቶል ሲያመሩ የምዕራብ ነፋስ ከበረታባቸው መመለስ አይችሉም፤ ወደ ዐለቱ ይነዳሉ። የባሕር ዳር ድኾችም መርከብ በተሰበረ ጊዜ እንጨቱንና ጭነቱን ለመልቀም ወደ ዳርቻው ይሮጡ ነበር። የኮርንዎል ሰዎች በሌሊት የሐሰት መብራት እያሳዩ መርከቦችን ወደ ዐለት ይመሩ ነበር ተብሎ ብዙ ተወርቷል፤ ይህ ግን በታመነ ማስረጃ አልተረጋገጠም። የተረጋገጠው ከዚህ የቀለለ ቢመስልም ልብን የሚያሳዝን ነው። ጭነቱን የሚፈልግ ብዙ ሲሆን፥ የሞተውን ሰው የሚፈልግ ጥቂት ነበረ። ማዕበል የተፋው ሬሳ ስሙና ሃይማኖቱ አይታወቅም፤ ለመቃብሩ የሚከፍልለትም ዘመድ የለውም ተብሎ ያለ ሣጥንና ያለ ፍትሐት በተገኘበት ስፍራ ይቀበር ነበር።

ይህን ልማድ የለወጠው ከሞርወንስቶ ርቆ በኮርንዎል ደቡብ ዳርቻ የደረሰ አንድ ታላቅ ጥፋት ነው። በታኅሣሥ 29 ቀን 1807 ዓ.ም. አንሰን የተባለች የንጉሡ የጦር መርከብ ፖርትሌቨን በምትባለው መንደር አጠገብ በአሸዋ ላይ ወድቃ ተሰበረች። መርከቢቱ ከምድር እጅግ ቅርብ ነበረች፤ ሕዝቡም ቆሞ እያየ ከ100 የሚበልጡ ሰዎች ሰጠሙ። ሬሳቸው በገደሉ ላይ በተቈፈረ ጉድጓድ ያለ ግንዘት በአንድነት ተጣለ። ይህን ነገር አይተው ከተቈጡት መካከል ቶማስ ግሪልስ የተባለ የሕግ ዐዋቂ ሕግ አርቅቆ አቀረበ፤ በ1808 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ባጸደቀውም ሕግ ባሕር የተፋው ሬሳ ሁሉ በአጥቢያው ወጪ በተባረከ መሬት እንዲቀበር ታዘዘ። ሄንሪ ትረንግራውስ የሚባል የሄልስተን ከተማ ሰው ደግሞ ይህንኑ ጥፋት በዓይኑ አይቶ፥ ሙታንን በክብር ከመቅበር አስቀድሞ ሕያዋንን ማዳን ይገባል ብሎ ተነሣ። በባሩድ ኃይል ከምድር ወደ መርከብ፥ ከመርከብም ወደ ምድር የሚወረወር ገመድ ለማበጀት ሀብቱን ጨረሰ። በ1854 ዓ.ም. ሲሞት የድካሙን ዋጋ በሚገባ አላገኘም ነበር፤ የእርሱን ሐሳብ የመሰለው መሣሪያ ግን ኋላ ብዙ ነፍስ አዳነ።

ሕግ ግን እጅና እግር የለውም፤ ከገደል ወርዶ ሬሳ የሚያነሣ ሰው ያስፈልገዋል። ለሞርወንስቶ ይህ ሰው ቄስ ሮበርት እስቲቨን ሆከር ነበረ። በ1803 ዓ.ም. በፕሊመዝ አጠገብ ተወለደ፤ በኦክስፎርድ ተምሮ በ1827 ዓ.ም. በግጥም ሽልማት አገኘ። በ1834 ዓ.ም. ለሞርወንስቶ ተሾመ፤ በዚያም አጥቢያ ከመቶ ዓመት በላይ በስፍራው የኖረ ቄስ አልነበረም። ሆከር እንደ ጻፈው በአገሩ አንድ ክፉ ብሂል ይነገር ነበር፤ ከባሕር ያወጡት እንግዳ ኋላ ጠላት ይሆናል የሚል ነው። እርሱም በቃሉም በሥራውም ይህን ብሂል ሲቃወም ኖረ።

በመስከረም ወር 1842 ዓ.ም. ካሌዶኒያ የተባለች የስኮትላንድ መርከብ እህል ጭና ስትመጣ በሌሊት ከሞርወንስቶ ገደል ሥር ተሰበረች። ከመርከበኞቹ የጀርሲ ደሴት ተወላጅ የሆነ አንድ ወጣት ብቻ ተረፈ። ቄሱ ወሬውን እንደ ሰማ ልብሱን እንኳ በሚገባ ሳይለብስ በገደሉ ወርዶ ሙታኑን ከዐለቱ መካከል ያሰባስብ ጀመር። ሰው ያለ ሸክም ሊወጣው የሚያዳግተውን አቀበት ከምእመናኑ ጋር ሬሳ ተሸክሞ ወጣ። አለቃቸውንና ባልንጀሮቹን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ በጸሎት ቀበራቸው፤ በመርከቢቱ አፍንጫ ላይ የነበረችውን፥ ሰይፍና ጋሻ የያዘችውን የእንጨት ምስልም ለመቃብራቸው ምልክት አድርጎ አቆማት። ዋናዋ ምስል ዛሬ ከዝናብና ከነፋስ እንድትጠበቅ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ቆማለች፤ በመቃብሩም ላይ አምሳያዋ ተተክላለች።

ከዚህም በኋላ ማዕበል በተነሣ ቍጥር ሥራው ይኸው ሆነ። በዐለት ላይ ተፈጭቶ ሙሉ አካሉ የማይገኝ ብዙ ነበረ፤ ሆከር ግን የተገኘውን ቁራጭ ሁሉ አስለቅሞ ፍትሐት ሳይጐድልበት ይቀብር ነበር። በዘመኑ የቀበራቸው መርከበኞች ከ40 እንደሚበልጡ ይነገራል። ከተሰበሩ መርከቦች በተገኘ እንጨት በገደሉ ጫፍ ትንሽ ጎጆ ሠርቶ፥ በዚያ ተቀምጦ ባሕሩን ይመለከት፥ ይጸልይና ግጥም ይጽፍ ነበር። በጥቅምት 1 ቀን 1843 ዓ.ም. ሕዝቡን ሰብስቦ ስለ መከር ምስጋና ያቀረበበት በዓልም በእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ለተስፋፋው የመከር በዓል መነሻ ሆነ።

ሆከር ነውር የሌለበት ሰው ነበረ ማለት አይቻልም። በአለባበሱና በጠባዩ ከሰው የተለየ ነበር፤ የኦፒየም መድኃኒት መውሰድ ለምዶ ይሠቃይ ነበር፤ ስለ አገሩ የጻፈውም ታሪክ ሁሉ ማጋነን የሌለበት አይደለም። በ1875 ዓ.ም. በፕሊመዝ ሲሞት በአልጋው ላይ ሳለ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መግባቱም በወገኖቹ ዘንድ ብዙ ክርክር አስነሣ። የመቃብሮቹን ምስክርነት ግን ክርክሩ አላፈረሰውም።

ይህ ሥራ ለመጻሕፍት አንባቢ እንግዳ አይደለም። ጦቢት በነነዌ ምርኮኛ ሳለ የወገኑ ሬሳ በአደባባይ መውደቁን በሰማ ጊዜ ማዕዱን ትቶ ተነሥቶ ቀብሮታል። ጦቢት የቀበረው የገዛ ወገኑን ነው፤ የሞርወንስቶው ቄስ የቀበራቸው ግን ስማቸውን ያልሰማው፥ አገራቸውንም የማያውቀው ናቸው። ቅዱስ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ ወደ መላጥያ ደሴት በወጣ ጊዜም የደሴቲቱ ሰዎች ማን እንደ ሆነ ሳያውቁ እሳት አንድደው ተቀበሉት። እንግዲህ ሬሳውን ያለ ሣጥን የጣሉ የኮርንዎል ሰዎች ወንጌል የተሰበከላቸው ሲሆኑ፥ ለጳውሎስ እሳት ያነደዱት ገና ያልተሰበከላቸው ነበሩ።

የጥበቃው ሠራዊት በ1856 ዓ.ም. በባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ሥር ሆነ። ቀረጡ እየቀነሰ ኮንትሮባንድም እየደከመ ሲሄድ የዘበኞቹ ሥራ ነፍስ ወደ ማዳን ዘነበለ፤ በርሜል ይፈልግ የነበረው ዓይን ሰው መፈለግ ተማረ። በ1913 ዓ.ም. ግን በእግር የሚደረገው ጥበቃ ስለ ቀረ መንገዱ በየስፍራው ጠፋ። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ ምክንያት እንደ ገና ይከፈት ጀመር፤ የኮርንዎሉ ክፍል በ1973 ዓ.ም.፥ የመጨረሻውም ክፍል በ1978 ዓ.ም. ተከፈተ። ገደሉ በተናደበት ስፍራ መንገዱ ወደ ውስጥ እየገባ ይታደሳል። የሆከርም ጎጆ እስከ ዛሬ አለ፤ መንገደኛ ሁሉ ዝናብ ይጠለልበታል።

በሞርወንስቶ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ስማቸው ያልታወቀ መርከበኞች ባረፉበት አጠገብ የድንጋይ መስቀል ቆሟል። በላዩ የተቀረጸው ቃል ሐዋርያው በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ስለ መታወቅና ስላለመታወቅ ከተናገረው የተወሰደ ሲሆን፥ ሰው ያላወቃቸው በእግዚአብሔር ዘንድ የታወቁ መሆናቸውን ያስረዳል። በዚያ ገደል ላይ ዘበኛው የንጉሡን ቀረጥ ለመፈለግ ቆሞ ነበር፤ ድኻው የተሰበረውን መርከብ ጭነት ለመፈለግ ቆሞ ነበር፤ ቄሱም ወንድሙን ለመፈለግ ቆሞ ነበር። ገደሉ አንድ ነው፤ ባሕሩም አንድ ነው። ከፍ ባለ ስፍራ የተሾመ ሁሉ፥ በቤተ ክህነትም ይሁን በቤተ መንግሥት፥ ወደ ታች ሲመለከት ከሦስቱ የማንን ዓይን እንደያዘ ራሱን ይመርምር።