ከፓይክ መንጋጋ እስከ ቡሽ ዓሣ

ፊንላንዳውያን እንደ ሕዝባቸው መዝገብ በሚያዩት «ካሌቫላ» ውስጥ አንድ ዓሣ አለ። ሐኪሙ ኤሊያስ ሎንሮት ከገጠር ሰዎች አፍ ሰብስቦ መጀመሪያ በ1835፣ አስፍቶም በ1849 ባሳተመው በዚህ የግጥም መጽሐፍ (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሽማግሌው ጠቢብ ቫይናሞይነን ሲቀዝፍ ጀልባው ድንገት ቀጥ ይላል። የያዘው ዐለት አይደለም፤ ግንድም አይደለም፤ የግዙፍ ዓሣ ትከሻ ነው። ጠቢቡ ዓሣውን ይገድላል። ሥጋው ከተበላ በኋላም ከመንጋጋው አጥንት ካንቴሌ የተባለውን ባለ አውታር መሣሪያ ይሠራል። ሲደረድረው የዱር አራዊት ሳይቀሩ ሊሰሙ ይመጣሉ፤ ሰው ሁሉ ያለቅሳል፤ በመጨረሻም የደርዳሪው የራሱ እንባ ይወርዳል።

ያ ዓሣ ፓይክ ነው። ለእኛ ጆሮ እንግዳ ቢሆንም በሰሜን አውሮፓ፣ በሰሜን እስያና በሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ ውኆች ዘንድ የታወቀ አዳኝ ነው። አካሉ ረዘም ያለ፣ አፉ የዳክዬ ምንቃር የመሰለ፣ ጥርሶቹም እንደ መርፌ የሾሉ ናቸው። ከሩቅ ማሳደድ አይወድም፤ በሸምበቆ ሥር አድፍጦ ይጠብቅና እንደ ቀስት ይወረወራል።

ሰው ዓሣን በሐሰት ምግብ ማታለል የጀመረው ጥንት ነው። ከ1800 ዓመታት ገደማ በፊት የኖረው ሮማዊው ጸሐፊ ክላውዲዮስ ኤሊያኖስ፣ የመቄዶንያ ሰዎች በመንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍና የአውራ ዶሮ ላባ አስረው በዝንብ አምሳያ ያጠምዱ እንደነበር ጽፏል። በ1852 ደግሞ አሜሪካዊው ጁሊዮ ቡኤል ለብረት ማታለያው የፈጠራ መብት አገኘ። ፓይክን በተመለከተ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ የአንድ ድሀ ዓሣ አጥማጅ ታሪክ ነው።

ላውሪ ራፓላ በ1905 ፊንላንድ ውስጥ ተወለደ። በ1930ዎቹ፣ የኢኮኖሚው ድቀት በከበደበት ዘመን፣ በፓይየነ ሐይቅ ላይ እየቀዘፈ ብዙ መንጠቆ የተንጠለጠለበት ረዥም ገመድ ይዘረጋ ነበር። በእያንዳንዱ መንጠቆ ላይ ትንሽ ዓሣ መሰካት ነበረበት፤ ቤተሰቡ የሚበላው ከዚያ በሚገኘው ነው። ታዲያ ቀዛፊው እጁ ሲሠራ ዓይኑ ሥራ አልፈታም። ትናንሾቹ ዓሦች በመንጋ ሲያልፉ አዳኙ ጤነኞቹን ትቶ አንዱን ብቻ እንደሚመርጥ አስተዋለ። የሚመረጠው አካሄዱ የተዛባው፣ ወዲያና ወዲህ የሚንገዳገደው ነው።

በ1936 ራፓላ ያንን መንገዳገድ ከቡሽ ቀረጸው። መሣሪያው የጫማ ሰፊ ቢላዋና የብርጭቆ ወረቀት ነበር። ለቆዳው የቸኮላት መጠቅለያ ብልጭልጭ ወረቀት አለበሰው፤ ቫርኒሽ ስላልነበረው የፎቶግራፍ ነጌቲቭ አቅልጦ ቀባው። ዓሣው የተዋበ አልነበረም፤ ግን እንደ ቆሰለ ይዋኝ ነበር። በነሐሴ 1962 «ላይፍ» መጽሔት ስለዚህ ማታለያ ጽሑፍ አወጣ። የዚያ እትም ሽፋን በዚያው ወር የሞተችው ማሪሊን ሞንሮ ስለነበረች መጽሔቱ እጅግ ተሸጠ፤ የራፓላም ስም ከአጥማጅ ቀዬ ወጥቶ ዓለምን ዞረ። እርሱ በ1974 ዐረፈ።

ዛሬ ፓይክን በማታለያ ወይም በላባ ዝንብ ማጥመድ የሚጀምር ሰው የሚማረው ከዚያች ጀልባ የተገኘውን ትምህርት ነው። ጥርሱ ክር ስለሚበጥስ ከመንጠቆው በላይ ቀጭን የሽቦ ማያያዣ ያስራል። ማታለያውን ሸምበቆው ዳር ይጥላል። ከዚያ አይቸኩልም፤ ጥቂት ይስባል፣ ያቆማል፣ እንደገና ይስባል። ፓይኩ ብዙ ጊዜ የሚመታው ሲቆም ነው፤ የደከመ መስሎት።

እኔ የምውለው ከባንክ መስኮት ጀርባ ነው። ከዓመታት በፊት ሁለት ሐሰተኛ ባለ መቶ ብር ኖቶች በእጄ አልፈው ከደመወዜ ከፍያለሁ። ያታለሉኝ አዲስ ስለነበሩ አይደለም። አዲስና የሚያብረቀርቅ ቢሆኑ ኖሮ እጠራጠር ነበር። የተጨማደዱ፣ ጠርዛቸው የተበላ፣ በብዙ እጅ የዞሩ የሚመስሉ ነበሩ። የሠራቸው ሰው ብርን ሳይሆን የብርን ድካም አስመስሏል።

ማታ ግጥም ልጽፍ ስቀመጥ እነዚያ ኖቶች ትዝ ይሉኛል። ለብዙ ጊዜ ያጌጠ ስንኝ ስደረድር ኖሬአለሁ፤ አንባቢም እንደ ጤነኛ ዓሣ ትቶት ያልፍ ነበር። ቫይናሞይነን ከመንጋጋ አጥንት ያወጣውን ዜማ እኔ አላወጣሁም። ግን ራፓላ በተራበ ዘመን፣ መቅዘፊያውን እንደያዘ፣ ከመንጋው መካከል የምትንገዳገደዋን አንዲት ዓሣ እስኪያይ ድረስ ዝቅ ብሎ መመልከቱን አስባለሁ። ቢላዋው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።