ፊደልና ድምፅ፤ ሕፃናትን ንባብ የማስተማር ታሪክ በኢትዮጵያ

ንባብ የትምህርት ሁሉ በር ነው። ሕፃን ይህን በር የሚከፍተው ግን የፊደሉን መልክ በዓይኑ ስለ ለየ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ ምልክት የትኛውን ድምፅ እንደሚወክል ዐውቆ፣ ድምፆቹን አጋጥሞ ቃል ማድረግ ሲችል ነው። በኢትዮጵያ የፊደል ትምህርት ረዥም ዕድሜ አለው። ታሪኩም በጥሞና ሲመረመር፣ ፊደልን በቃል መያዝና ማንበብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የጥንት መምህራን ጠንቅቀው ያውቁ እንደ ነበር ያስረዳል።

በአክሱም ዘመን በድንጋይ ላይ የተቀረጹት ቀደምት የግእዝ ጽሑፎች ተነባቢውን ብቻ እንጂ አናባቢውን አያመለክቱም ነበር። አንባቢው የጎደለውን ድምፅ ከራሱ ዕውቀት መሙላት ነበረበት። በ4ኛው ምዕት ዓመት፣ በንጉሥ ኢዛና ዘመን ግን በየፊደሉ አካል ላይ አናባቢውን የሚያሳይ ቅጥል ተጨመረ፤ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆችም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መልክ አገኙ። በዚህ መሠረት የግእዝ 26 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 182 ሆኑ። አማርኛ በበኩሉ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨን ሲጨምር ዋናዎቹ ፊደላት 33፣ ከነዝርዝራቸው 231 ደረሱ፤ ዲቃሎቹ ከዚህ ቍጥር ውጭ ናቸው። እነዚህ ሰባት ፊደላት የተገኙት በሰ፣ በተ፣ በነ፣ በከ፣ በዘ፣ በደ፣ በጠ ላይ ምልክት በመጨመር መሆኑን ልብ ይሏል። መልካቸው እንደሚቀራረብ ድምፃቸውም ይቀራረባል፤ ስለዚህ ሰንና ሸን፣ ደንና ጀን ጎን ለጎን አቁሞ የሚያስተምር መምህር ዓይንንና ጆሮን ባንድነት ያሠለጥናል።

ይህን ፊደል ለሕፃናት የማስተማሩ ሥራ ለብዙ ዘመናት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ድርሻ ነበር። ሕፃኑ በየኔታ ፊት ቀርቦ፣ በብራና የተጻፈውን ፊደል በስንደዶ ወይም በቀጭን እንጨት እየጠቆመ «ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» እያለ ይቈጥር ነበር። የስንደዶው ጥቅም ቀላል አልነበረም፤ ከአፍ የሚወጣው ድምፅ ዓይን ከሚያየው ምልክት እንዳይለይ ያደርግ ነበርና። ፊደሉ መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ቀጥሎም ወደ ታች ይባላል። ሆኖም ዜማ ያለው ነገር ቶሎ በቃል ስለሚያዝ፣ ሕፃኑ ምልክቱን ሳያይ ድምፁን ብቻ ሊያወርደው ይችላል። ዐይኑን ጨፍኖ «ሀ ሁ»ን እስከ «ፐ ፑ» የሚዘልቅ ልጅ ከመካከል አንድ ፊደል ለብቻው ሲጠየቅ ዝም ማለቱ የታወቀ ነው።

የአቡጊዳ ትምህርት የዚህ መድኃኒት ነበር። በአቡጊዳ የፊደሉ ተራ ይለወጣል፤ በየመስመሩም ፊደሉና ድምፁ በአንድነት እየተለዋወጡ ይሄዳሉ። አንደኛው ፊደል በግእዝ፣ ሁለተኛው በካዕብ፣ ሦስተኛው በሣልስ እየሆነ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ይባላል፤ ቀጥሎም «በ ጉ ዲ» እየተባለ ይወርዳል። በ«ሀ ሁ» ዜማ ብቻ የተማመነ ልጅ እዚህ ላይ ይደናቀፋል፤ ድምፅንና ምልክትን በርግጥ ያገናኘ ግን ያልፋል። በ1990 እ.ኤ.አ. ፒተር ዳንኤልስ የተባሉ አሜሪካዊ የጽሕፈት ሊቅ በዚህ ዓይነት የሚጻፉትን የዓለም ፊደላት ሁሉ «አቡጊዳ» ብለው የሰየሙት ከዚሁ ወስደው ነው።

ከዚያ በኋላ ሕፃኑ ወደ መልእክተ ዮሐንስ ይሻገር ነበር። እዚያም ወዲያው አንብብ አይባልም፤ መጀመሪያ በቁጥር እያንዳንዱን ፊደል ነጥሎ ይጠራል፤ ቀጥሎ በግእዝ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ደረጃ በደረጃ ያልፋል፤ በመጨረሻም ዳዊት ይደግማል። የሚጠብቀውንና የሚላላውን፣ ተነሡንና ወዳቂውን የሚለየው ከመምህሩ አፍ በመስማት ነበር። ሥርዓቱ ግን ታላቅ ጉድለት ነበረበት፤ የሚነበበው ግእዝ ስለ ነበር፣ ሕፃኑ ድምፁን አሳምሮ እያወጣ ትርጓሜውን ሳያውቅ ዓመታት ያልፉ ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት ይህን ጉድለት ለመሙላት ብዙ ሠርቷል። ከዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በኋላ፣ በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በረከቱ፤ በ1950ዎቹ ዓመታት አጋማሽም አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። አማርኛ ተናጋሪው ሕፃን የሚያነበውን የሚረዳበት ዘመን መጣ። ነገር ግን በየኔታ ፊት አንድ በአንድ ይቀርብ የነበረው ልጅ አሁን ከብዙ ጓደኞቹ ጋር ባንድ ክፍል ተቀመጠ። ገበታው በግድግዳ ተሰቅሎ ክፍሉ ሁሉ በአንድ ድምፅ ሲያዜም፣ ያወቀው ያላወቀውን ይሸፍናል። ብዙ ጊዜ «ሀ ሁ» ቀረ፤ አቡጊዳና ቁጥር ግን ተዘነጉ።

በአማርኛ ንባብ ደግሞ ገበታው ብቻውን የማይፈታቸው ሁለት ችግሮች አሉ። አንደኛው ሳድስ ነው። «ብርድ» በሚለው ቃል ሦስቱም ፊደላት ሳድስ ሲሆኑ፣ አናባቢ የሚሰማው በብ ላይ ብቻ ነው፤ ርና ድ አናባቢ የላቸውም። በገበታው እንደ ተማረው ሦስቱንም እየነጠለ የሚጠራ ልጅ ቃሉን አያገኘውም፤ ድምፆቹን ማጋጠም ሊማር ይገባዋል። ሁለተኛው መጥበቅና መላላት ነው። «ገና አልመጣም» እና «የገና በዓል»፣ «ዋና ከተማ» እና «የባሕር ዋና» በጽሕፈት አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው የዐረፍተ ነገሩ ትርጓሜ ነው። እንግዲህ ድምፅ ያለ ትርጓሜ፣ ትርጓሜም ያለ ድምፅ ምሉዕ አይሆንም።

የሚቀጥሉት ዓመታት የትምህርቱን ስፋት ጨመሩ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሂደቱ 15 ቋንቋዎችን አካተተ፤ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ደነገገ። ይሁን እንጂ በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች የንባብ ችሎታ ሲመዘን፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሢሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ በ7 ቋንቋዎች የንባብ ትምህርት እንደገና መዘጋጀቱ፣ ድምፅን መለየትና ከፊደል ጋር ማገናኘትም ተገቢውን ስፍራ እንዲይዝ መታሰቡ ስለዚሁ ነው።

በድምፅ ማስተማር ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር መስሎ የሚታየው መምህር ቢኖር፣ አቡጊዳን ያስታውስ። ለየልጁ ማዳመጥን፣ የፊደልን ተራ እያፈረሱ መጠየቅን፣ ነጥሎ ከመጥራት ወደ ማጋጠም ማድረስን የጥንቱ የኔታ አስቀድሞ አስተምሯል፤ የሚያነቡትን መረዳትን ደግሞ አዲሱ ትምህርት ቤት ጨምሯል። የሁለቱ ወራሽ የሆነ መምህር ልጆቹ ሁሉ ባንድነት ሲያዜሙ ሰምቶ ደስ ቢለው መልካም ነው፤ ሥራው የሚጀምረው ግን ዜማው ጸጥ ሲልና አንዱን ልጅ ለብቻው ጠርቶ ከገበታው መካከል አንዲት ፊደል ሲጠቁምለት ነው።