በመድኃኒት ሽፋን ውስጥ ያለው ዳይቡታይል ፍታሌት፤ አገልግሎቱና የጤና ስጋቱ

አንድ ኪኒን የሚይዘው በሽታን የሚፈውሰውን ንጥረ ነገር ብቻ አይደለም። ቅርጹን የሚያስይዙ፣ ቀለም የሚሰጡና ሽፋኑን የሚያበጁ ሌሎች ንጥረ ነገሮችም ይኖሩታል። እነዚህ ተጨማሪዎች በሽታን ስለማያክሙ ፈዋሽ ያልሆኑ ተብለው ይመደባሉ። አጠራሩ ግን በሰውነት ላይ አንዳች ተጽዕኖ የላቸውም ማለት እንዳልሆነ ዳይቡታይል ፍታሌት የተባለው ኬሚካል ጥሩ ማሳያ ነው።

ኬሚካሉ ቀለም የሌለውና ዘይት መሰል ፈሳሽ ሲሆን፣ ፕላስቲሳይዘር ከሚባሉት ፕላስቲክ አለስላሾች አንዱ ነው። ወደ መድኃኒት የገባውም በዚሁ ባሕርይው ምክንያት ነው። አንዳንድ መድኃኒቶች በጨጓራ ውስጥ ሳይሟሙ አልፈው አንጀት መድረስ ስለሚኖርባቸው አሲድ በማያሟሟው ስስ ሽፋን ይለበጣሉ። ሽፋኑ ብቻውን ሲደርቅ ተሰባሪ ይሆናል። ከተሰነጠቀም መድኃኒቱ ያለቦታው ይፈስሳል። ፕላስቲሳይዘሩ በሽፋኑ ረጃጅም ሞለኪዩሎች መካከል በመግባት እንዲተጣጠፍ ያደርገዋል።

ለትልቁ አንጀት ቁስለት የሚታዘዘው ሜሳላሚን፣ አሳኮል በሚል የንግድ ስም ሲሸጥ የነበረው ኪኒን በዚህ መንገድ የተሠራ ነበር። ሕመሙ ሥር የሰደደ በመሆኑ ታካሚው በቀን በርካታ ኪኒኖችን ለወራት፣ አልፎ አልፎም ለዓመታት ይወስዳል። በአንድ ኪኒን ላይ ጥቂት የሚመስለው መጠን የሚያሳስበውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የወጣ አንድ የሕክምና ሪፖርት ይህንኑ አመልክቷል። አሳኮል ይወስድ በነበረ አንድ ሰው ሽንት ውስጥ የተገኘው የኬሚካሉ ቅሪት በአገሪቱ ከፍተኛ ከሚባለው የወንዶች መጠን ከ100 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

በነፍሰ ጡር አይጦች ላይ የተደረጉ ምርመራዎች፣ ኬሚካሉ የወንድ ጽንሶችን የቴስቶስቴሮን ሆርሞን እንደሚቀንስና የመራቢያ አካላቸውን ዕድገት እንደሚያውክ አረጋግጠዋል። በሰዎች ላይ የተገኘው ማስረጃ የዚህን ያህል የጠነከረ አይደለም። ቁጥጥሩም የተመሠረተው በዋናነት በጥንቃቄ መርህ ላይ ነው።

የአሜሪካ ሕግ ኬሚካሉ በሕፃናት መጫወቻዎች ውስጥ ከ0.1 በመቶ እንዳይበልጥ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2008 ነበር። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ግን አምራቾች ይህንኑ ኬሚካል በመድኃኒት ውስጥ ከመጠቀም እንዲቆጠቡ ምክረ ሐሳብ ያወጣው በታኅሣሥ 2012 ነው። ሕፃን ወደ አፉ ሊያስገባው ይችላል ተብሎ የተገደበ ነገር፣ ታማሚ ሆን ብሎ በሚውጠው ኪኒን ውስጥ አራት ዓመት መቆየቱ የሚያስገርም ነው። ምክረ ሐሳቡም አስገዳጅ አልነበረም።

የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ የቀን ጣሪያውን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 0.01 ሚሊ ግራም አድርጎታል። ይህም 60 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው 0.6 ሚሊ ግራም ማለት ነው።

ምትክ ለማግኘት አስቸጋሪ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የተፈቀደው ዴልዚኮል የተባለው የሜሳላሚን ምርት ዳይቡታይል ሰባኬት በተባለ ሌላ አለስላሽ ተሠርቷል። ከሲትሪክ አሲድና ከአልኮል የሚዘጋጀው ትራይኢታይል ሲትሬትም በስፋት የሚሠራበት ሲሆን፣ በአውሮፓ ኢ1505 በሚል መለያ ለምግብ ጭምር ተፈቅዷል።

ፈዋሽ ንጥረ ነገራቸው አንድ የሆኑ ሁለት መድኃኒቶች ሽፋናቸው ሊለያይ ይችላል። ኢትዮጵያን ጨምሮ መድኃኒት ከውጭ በሚያስገቡ አገሮች የግዥና የምዝገባ ሠራተኞች ከፈዋሹ ንጥረ ነገርና ከዋጋው ባሻገር የተጨማሪዎቹን ዝርዝር መመልከት የሚኖርባቸው ለዚህ ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለመፀነስ ያሰበች ታካሚም ዝርዝሩን ከመድኃኒቱ መግለጫ ወረቀት ማየት ወይም ፋርማሲስቷን መጠየቅ ትችላለች። መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን አይመከርም፤ የአንጀት ቁስለቱ ካገረሸ እርሱ ራሱ ያለ ጊዜ መውለድን ሊያስከትል ይችላል።