መከላከያና ትምህርት በደሴና በኮምቦልቻ

ደሴ የጦርነትን ዋጋ ደጋግማ ከፍላለች። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ፤ አፄ ኃይለ ሥላሴም በዚያ ነበሩ። የአየር መከላከያው ደካማ ስለነበር ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ።

በሰላሙ ጊዜ ከተማዋ በትምህርት ታወቀች። በወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ ስም የተሰየመው ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ብዙ ምሁራንን አፈራ። ኋላም ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎቹን ከፈተ።

በሰሜኑ ጦርነት ግን በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሁለቱም ከተሞች በትግራይ ኃይሎች እጅ ወደቁ፤ በኅዳር መጨረሻ እስኪለቀቁ ድረስ ዩኒቨርሲቲው ተዘረፈ፣ ወደመም። በዚያው ዓመት ፓርላማው 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ሲያጸድቅ 90 ቢሊዮኑ ለመከላከያ ተመደበ። ለመከላከያ የሚመደበው ገንዘብ የትምህርትን ድርሻ ያሳንሳል፤ መከላከያው ሲላላ ደግሞ የተሠራው ትምህርት ቤት ራሱ ለጥፋት ይጋለጣል።